የሜላት ዳቦ

"ማኅበሩ በሰላም ይውጣልኝ እንጂ ከነገ ጀምሮ ያ የዱቄት ጨዋታ ያበቃል። በእናቴ ቤት እህል መጫወቻ አይሆንም፤ ጡር አለው። የሰውም ልጅ እዚህ ግቢ መሰብሰቡ ይቅር።" ትርሲት ይህን የሰማችው ጠዋት ከጓዳው ደጃፍ ፊቷን ስትታጠብ ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ጭቃውም ከተሰነጣጠቀ ቆይቷል፤ ስለዚህ በዚያ ቤት ምሥጢር የሚባል ነገር የለም። ተናጋሪዋ የባሏ ታላቅ እህት አልጣሽ ናት። ይህ ብቻ ቢሆን ትርሲትን ብዙም ባላስከፋት፤ አልጣሽ የከፋትን ነገር ደብቃ አታውቅም። ያስከፋት መልሱ ነው። ባሏ ይሁኔ ጉሮሮውን ጠረገና "እሺ" አለ። ለምን አላለም፣ እስቲ እሷንም ልጠይቃት አላለም፤ ጫማውን እያሰረ እሺ አለና ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤቱ ሊሄድ ወጣ። በአጠገቧ ሲያልፍ ደህና ዋይ አላት። እሷም ደህና ዋል አለችው።

ቤቱ አርብ ገበያ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ የቆርቆሮ ቤት ነው። የአልጣሽና የይሁኔ እናት ሲሞቱ ለሁለቱ ልጆቻቸው ተዉት። የፊቱ ሳሎንና መኝታ ቤቱ የአልጣሽ፣ ከኋላ ያለችው አንዲት ክፍል የይሁኔና የትርሲት፣ መሃል ያለው ጓዳ የጋራ ሆነ። የጋራ ይባል እንጂ ማንኪያ እንኳ የት እንደሚቀመጥ የምትወስነው አልጣሽ ናት። ባሏ ቻላቸው አይሱዙ ስለሚነዳ ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ ነው፤ ቤቱንም፣ ስድስት ዓመት የሞላትን ልጇን ሜላትንም፣ ሰውንም በጠቅላላ የምታስተዳድረው እሷው ናት። ትርሲት ደግሞ የሕፃናት መምህርት ናት። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ግን ክፍልም ተማሪም የላትም። ሥራ የለመደ ሰው ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ያየው ያውቀዋል፤ የተወለወለውን መልሳ ትወለውላለች፣ የታጠበውን መልሳ ታጥባለች። መጀመሪያ ሜላትን ብቻ ወደ ክፍሏ እየጠራች ፊደል ታስቆጥራት ጀመር። ቀጥሎ የጎረቤቱ ልጅ አብርሃም መጣ፤ ከዚያ እህቱ፣ ከዚያ ማን እንደጠራቸው የማይታወቅ ሌሎች። ልጆቹ ባይመጡ ኖሮ ቀኑ የሚመሽላት አይመስላትም ነበር።

ደብተር የለ፣ ጠመኔ የለ፣ ልጅ ደግሞ ባዶ እጁን አይቀመጥም። መላውን ያመጣላት ደብረ ታቦር ያለች ጓደኛዋ በስልክ የላከችላት ቪዲዮ ነው። ሁለት እጅ ዱቄት፣ አንድ እጅ ጨው፣ ጠብ ጠብ እየተደረገ ውሃ። ይቦካል፣ የተፈለገው ቅርጽ ይወጣለታል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ጨው ስላለበትም አይሻግትም። ዱቄቱንም ጨዉንም የምትገዛው ራሷ ነች። አልጣሽ ይህንን ታውቃለች፤ ግን ስንዴ ዱቄት በኪሎ ከመቶ ብር ባለፈበት ዘመን ሰው እያየ ሊጥ ለጨዋታ ሲድቦለቦል ዓይኗ አይችልም። ልጆቹ በበኩላቸው ስለ ኑሮ ውድነት አይጨነቁም። በሬ ሠሩ፣ ባጃጅ ሠሩ፣ አንገቱ የሚወድቅ ዶሮ ሠሩ። አብርሃም ግን ስልክ እንጂ ሌላ አልሠራም። ስልኩን ገና ሳይደርቅ ጆሮው ላይ ይለጥፍና ግቢውን እየዞረ "አይሰማም፣ ይቆራረጣል" ይላል። ሜላት ደግሞ ሳምንቱን አንድ ነገር ይዛ ቆየች፤ ዳቦ። እናቷ ከጣለችው የኮባ ቅጠል ቁራጭ ለቅማ በሊጡ ሥርና ጎን ለጠፈች፤ ቅጠሉ ሲነሣ የቅጠሉ መስመር ሁሉ ታትሞ ቀረ። ትርሲት ጠቆር ያለ ሻይ በጨርቅ ነክራ ቀባችላት፤ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ደርቆ፣ ከዚያም ከሰሉ በበረደ ምድጃ ላይ ውሎ ሲወርድ ትርሲት ራሷ ልትቆርሰው ቃጥቷት ነበር።

ዕለቱ ዓርብ ነው፤ የገበያ ቀን፣ ወሩ በገባ ሃያ አንድ፣ ማርያም። አልጣሽ የእናቷን የማርያም ማኅበር ከወረሰች ወዲህ ተራው ሲደርሳት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ማኅበርተኞቹ የእናቷ እኩዮች ናቸው፤ የእናቷን ጠላ የጠጡ፣ የእናቷን ዳቦ የቆረሱ። ስለዚህ አልጣሽ ከሰሞኑ እንቅልፍ የላትም። ዳቦ እንኳ አንድ ብቻ አይበቃም፤ በዚያ ማኅበር ሥርዓት ከትልቁ ድፎ ዳቦ በፊት ሁለት መዳፍ የምትሞላ ትንሽ የጸሎት ዳቦ ተባርካ ትቆረሳለች፤ ሰው ሁሉ ከእሷ ሳይቀምስ ሌላ አይቀርብም። ዓርብ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። እንግዲህ ያቺ ቁራሽ ከትናንት ማታ ጀምሮ ባዶ ለዋለ አፍ የመጀመሪያዋ መሆኗ ነው።

ትርሲት ያን ጠዋት ውስጧ እንደተቃጠለ ሥራዋን ሠራች። ሳሎኑን ጠረገች፣ ጉዝጓዙን ጎዘጎዘች፣ ከየጎረቤቱ አግዳሚ ወንበር ተሸክማ አመጣች። ልጆቹም እንደ ወትሮው መጡ፤ እንዲያውም ወላጆቻቸው ገበያ ስለወጡ ከወትሮው ማልደው መጡ። ነገ አትምጡ ልትላቸው ሁለት ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች፤ አልሆነላትም። አብርሃም ይባስ ብሎ ነገ የሚሠራው ስልክ ሁለት ሲም የሚወስድ እንደሆነ ነገራት። እስቲ ነገ እናያለን አለችውና ፊቷን አዞረች። እንባዋ መጣ፤ ለምን እንደመጣ ለራሷም ገረማት፤ የአንድ ኪሎ ዱቄት ነገር ነው እኮ። ወደ ረፋዱ ሰማዩ ሲጠቁር በጣሪያው ላይ የተሰጣውን የልጆች ሥራ በሰፌድ ሰብስባ ወደ ጓዳ አስገባችና መደርደሪያው ላይ፣ በጨርቅ ከተሸፈኑት የአልጣሽ ዳቦዎች ጎን አስቀመጠችው፤ የሜላትን ዳቦም እንዳይሰበር በጨርቅ ሸፈነችው። ዝናቡ ግን ሳይዘንብ ቀረ።

አልጣሽ ከገበያ የተመለሰችው ቀሚሷ በአህያ ጎን አቧራ ተለውሶ ነው። ሽንኩርቱ ሰማይ ወጥቷል፣ ሽሮ የምትሸጠዋ ሴትዮ ዓይኗን በጨው አጥባለች፣ አህያ የሚነዳው ሁሉ መንገድ አይለቅም፤ ይህን ሁሉ የነገረችው ለጓዳው ግድግዳ ነው፤ ከትርሲት ጋር ከጠዋት ጀምሮ አልተነጋገሩም። ልብሷን ቀይራ፣ ድፎውን ለጎረቤት ወጣቶች አሸክማ ወደ ሳሎን ላከች፤ ከዚያም ከመደርደሪያው ላይ ትንሿን የጸሎት ዳቦ አነሣችና ባለችበት ቆመች። በእጇ ከፍ ዝቅ አደረገቻት።

"ከበደችኝ" አለች ትርሲትን ሳታያት። "ሊጡ ኩፍ አላለም መሰል። በዛሬ ቀን ልዋረድ ነው።"

ከጠዋት ጀምሮ አልጣሽ ለትርሲት የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። ትርሲት ጠላ እየቀዳች ስለነበር ዞር ብላ አላየችም፤ ብታይም በጨርቅ ተሸፍናለች። አይዞዎት እትዬ፣ ደህና ይሆናል አለች። በሩ ላይ የሰው ድምፅ ተሰማ፤ አልጣሽ ዳቦዋን እንደያዘች ወደ ሳሎን ሮጣ ገባች።

ማኅበርተኞቹ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ሞሉ። አባ ወልደማርያም፣ ቤተ ልሔም ደብር ድጓ የሚባለውን የዜማ ትምህርት ተምረው ያስመሰከሩት ቄስ፣ በግድግዳው ሥር ከፍ ባለው መደብ ላይ ተቀመጡ። ከጎናቸው አቶ ዘመኑ፤ ከገጠር በእግራቸው መጥተው፣ አንድ በሬ ለመሸጥ ገበያ ውለው፣ ሳይሸጡ የገቡ ገበሬ። ከማዶ በሚቀጥለው ወር ተረኛ የሆኑት ወይዘሮ የሻረግ፣ የአልጣሽ እናት የልብ ወዳጅ፤ ዓይናቸው ከመጋረጃው እስከ ጉዝጓዙ ሁሉን እየለካ ነው። ሌሎቹም በየአግዳሚው ተደረደሩ። ፊታቸው የጾም ፊት ነው። ትርሲት እጅ አስታጠበች። አባ ወልደማርያም ተነሡ፣ ሰው ሁሉ ተነሣ፣ ጸሎት ተጀመረ። እሷም የጎደሉ ብርጭቆዎች ልታመጣ ወደ ኋላ ክፍሏ ወጣች።

ልጆቹ ማኅበር እየተጫወቱ ነበር። የአብርሃም እህት ፎጣ ጠምጥማ ቄስ ሆናለች፤ ሌሎቹ በተርታ ተቀምጠው፣ ከመሃላቸው ሜላት የጨው ዳቦዋን ይዛ ታድላቸዋለች። እነሱም ያኝካሉ። ትርሲት ደነገጠች፤ ትፉ፣ ጨው ነው፣ ሆዳችሁን ያማችኋል አለች። አንዱም አልተፋም። አብርሃም አፉን እንደሞላ ይጣፍጣል አላት። ጎንበስ ብላ ከፊቱ ያለውን ቁራሽ ነካችው። ለስላሳ ነው። ሽታው የአልጣሽ ጥቁር አዝሙድ ነው። የእናትየዋ ዳቦ እዚህ ከሆነ ሳሎን ውስጥ በጨርቅ ተሸፍኖ የሚጸለይበት የልጅትዋ ነው። ብርጭቆውን ትታ ሮጠች። ሳሎኑ በር ላይ ስትደርስ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ አሜን አለ።

ዳቦዋ ተባርካለች። ትርሲት ልትጮህ ፈለገች፤ ግን ብትጮህ አልጣሽን በእናቷ ወዳጆች ፊት ማዋረድ ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ የባሰ ነው። እሷ ይህንን ስታወጣና ስታወርድ አባ ወልደማርያም ቢላዋውን አሳረፉ። ቢላዋው ተንሸራተተ። ደግመው ሞከሩ። ጠንከር ብላለች አሉ ለራሳቸው፤ ቢላዋውን አዙረው በእጀታው ሲመቷት ቋ ብላ ተሰነጠቀች። አልጣሽ ጓዳው በር ላይ ቆማ ከንፈሯን ነከሰች። አባ አንዲት ቁራጭ ወደ አፋቸው ከተቱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ረጅም ጊዜ ጨፈኑ፤ ሰዉ በጸሎት ላይ ያሉ መስሎት በአክብሮት ጠበቃቸው። ከዚያ በብርቱ ዋጡና፣ ቅመሱ ልጆቼ አሉ በሰለለ ድምፅ።

በእኛ አገር የሰው ቤት ምግብ ጨው በዛበት ማለት አስተናጋጇን በጥፊ ከመምታት አይሻልም፤ የተባረከ ሲሆን ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ ቀመሱ። አንዱ ጣሪያውን አየ፣ አንዷ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። አቶ ዘመኑ በጥርሳቸው ስላልሆነላቸው በጉንጫቸው ይዘው ጥቂት ቆዩና፣ ጨው አላጣችም አሉ። ወይዘሮ የሻረግ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ የእናትሽ እጅ ነው አሏት፤ አልጣሽ እንባውን የትዝታ መስሏት አንገቷን አቀረቀረች። የሷም ዓይን ሞላ። ሳምንቱን ሙሉ ስትፈራው የነበረው ነገር ቀለላት፤ ፊቷ ሲበራ ትርሲት ይህን ቤት ካወቀች ጀምሮ እንዲህ አይታት አታውቅም። ጠላ ቶሎ ይቀዳ ተባለ፤ ማሰሮው በአንድ ዙር ጎደለ።

የቤቱ ባለቤት የምትቀምሰው መጨረሻ ነው። አልጣሽ ቁራጯን ስታነሣ ትርሲት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ እትዬ፣ አይቅመሱት ይቅርብዎ አለቻት። አልጣሽ በግልምጫ አየቻት፤ ከጠዋቱ ያኮረፈች፣ ደስታዋን ልትቀማት የመጣች መሰላት። እልህ ይዟት ቁራጯን እንዳለች አፏ ውስጥ ጨመረች። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ጠፋ። ከሰው ወደ ሰው አየች፤ ሰው ሁሉ ጉዝጓዙን ያያል። በዚህ መሃል ሜላት አፏ ዙሪያ የዳቦ ፍርፋሪ እንደለጠፈች በሰው እግር መሃል ሾልካ ገባች።

"እማዬ፣ የእኔን ዳቦ ነው የቆረሳችሁት?" አለች። "እኛም ያንቺን ቆረስነው።"

ትርሲት ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ አለች በልቧ፤ ከእንግዲህ ልጆቹ ግቢውን በአጥር ቀዳዳ እንኳ አያዩትም። ቢሆንም ዝም ማለት አልቻለችም፤ ለአባ ወልደማርያም ጎንበስ ብላ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ፣ ዳቦው በጨው ሊጥ የተሠራ የልጆች መጫወቻ እንደሆነ፣ ከጸሎቱ ዳቦ ጎን ያስቀመጠችው እሷ እንደሆነች ተናገረች። ሰው ሁሉ ወደ አልጣሽ ዞረ።

አልጣሽ ጨዉን ዋጠች። ከዚያ ከገበታው ላይ የቀረውን ግማሽ ዳቦ አነሣች። ገለበጠችው፤ የኮባው ቅጠል መስመር አንድ ሳይቀር ወጥቷል። መለሰችው፤ እሷ ሁልጊዜ ዳቦዋን ምድጃ ላይ ከማዋሏ በፊት በአውራ ጣቷ አራት ቦታ ተጭና እንደምታደርገው፣ አናቱ ላይ በአራት ማዕዘን ተጭኗል። እነዚህ ግን የትንሽ ጣት ናቸው። የእሷ ጣት ሲያርፍበት አልገባም።

"ማን አሳየሽ?" አለች ሜላትን።

"አንቺ። ስትጋግሪ አይቼ።"

"እኔ እኮ ከጓዳ አባርርሻለሁ።"

"በግድግዳው ቀዳዳ ነዋ" አለች ሜላት።

አልጣሽ ልጇ እጅ የላትም፣ ለምንም አትሆንም እያለች ለጎረቤት ስታማርር የኖረችው ሁሉ ባንድ ጊዜ ትዝ አላትና አፈረች፤ ከእፍረቱ የበለጠ ግን ደስታው ነበር፤ ፊቷ ላይ ሲታገሉ ይታያል። ቀና ብላ ለእንግዶቹ "ጥፋቱ የማንም አይደለም" አለች። "ከመደርደሪያው ያነሣሁት እኔ፣ ያቀረብኩት እኔ። ዕድሜዬን ዳቦ ስጋግር ኖሬ የልጄን እጅ ከእጄ መለየት አቃተኝ።"

መጀመሪያ የሳቁት አቶ ዘመኑ ናቸው። በጉንጫቸው ደብቀው የያዟትን ቁራጭ መዳፋቸው ላይ ተፉና፣ እኔ እኮ በሬዬ ስላልተሸጠ ማርያም የቀጣችኝ መስሎኝ ነበር አሉ። ከዚያ ሳሎኑ ፈነዳ። ወይዘሮ የሻረግ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ቢጭኑም አልሆነላቸውም፤ የእናትሽ እጅ ነው ማለታቸውን እያስታወሱ ይንፈቀፈቃሉ። አባ ወልደማርያም መስቀላቸው በእጃቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ሲበቃቸው ውሃ ጠየቁ፣ ጠጡ፣ ደግመው ጠየቁ። ይሁኔ ከሥራ ወጥቶ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። በር ላይ ቆሞ ምን ተፈጠረ ቢል የሚመልስለት አጣ፤ ሚስቱም አልነገረችውም፤ ጠላ የተቀዳበት ብርጭቆ አስይዛ አለፈችው።

አልጣሽ ግን አንድ ነገር ጨነቃት። የተባረከ ነገር አይጣልም፣ ለውሻም አይሰጥም፤ የሚበላ ደግሞ አይደለም። ምን ላድርገው አለች አባን። አባ ወልደማርያም ትርሲትን ጠርተው ውስጡ ምን ምን እንደገባ ጠየቋት። ከዱቄት፣ ከጨውና ከላይ ከተቀባው ሻይ በቀር ምንም እንደሌለበት ነገረቻቸው። እንግዲያማ ምግብ ነው አሉ፤ ሰው ሁሉ ቁራጭ ቁራጭ ይዞ ይሂድና የነገውን ሽሮ ያጣፍጥበት፤ ሌላ ጨው ግን እንዳትጨምሩ። አቶ ዘመኑ ያልተሸጠው በሬያቸውም ድርሻ እንዳለው አስታወሱና ሁለት ቁራጭ ወሰዱ። ልጆቹ ተጠርተው ገቡ፤ ድፎው ተቆርሶ ለእነሱም ደረሳቸው። ሜላት የቀረውን ዳቦዋን በሰፌድ ይዛ እየዞረች ለማኅበርተኞቹ አደለች፤ ሰው ሁሉ በነጠላው ጫፍ ቋጠረ።

ሊወጡ ሲነሣሡ ወይዘሮ የሻረግ ትርሲትን በክንዷ ያዟት። ሁለት የልጅ ልጆች አሏቸው፤ ቀኑን ሙሉ ደጅ ሲንከራተቱ ይውላሉ፣ አንደኛው ድንጋይ ውርወራ ጀምሯል። እስቲ ከእነዚህ ጋር ደባልቂልኝ አሏት። ይህን የሰማች ሌላ ማኅበርተኛ የእህቴም ልጅ አለችልኝ አለች። ትርሲት ምን እንደምትል ጨነቃት። በልቧ እሺ ትላለች፤ ግን ቤቱ የእሷ አይደለም፤ ጠዋት የተወሰነውን የሚያውቁት እሷና ግድግዳው፣ ይሁኔና አልጣሽ ናቸው። አንገቷን ደፍታ እንጃ ክፍሏ ጠባብ ነች አለች።

አልጣሽ ብርጭቆ እየሰበሰበች ነበር። ቀና አላለችም።

"እውነቷን ነው፣ የእሷ ክፍል ይጠባል" አለች። ይሁኔ ብርጭቆውን እንደያዘ እህቱን አየ። "ሰኞ ይምጡ። እዚህ ሳሎን ይቀመጣሉ፤ ቀን ቀን ማንም አይገባበትም። ሊጡን ግን የማቦካላቸው እኔ ነኝ፤ እሷ ውሃ ታበዛለች።"

ትርሲት አንድ ቀን እንኳ ውሃ አብዝታ አታውቅም፤ ዛሬ ግን ልትከራከር አልፈለገችም።